ሜዳውን ማን ጠበቀው? ከጉደር መስክ እስከ ጎልፍ ሜዳ

ጉደር ላይ የጎልፍ ሜዳ የለም። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከተማዋ የደረሰ ሰው የሚያገኘው ወንዙን፣ ድልድዩን፣ ገበያውንና በማሞ መዘምር ስም የተሰየመውን የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ነው። ስሟን በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ብቻ የሚያውቃትም ብዙ ነው። ጎልፍ እዚያ አገር ቴሌቪዥን ውስጥ ያለ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የዓለም ሀብታሞች ውሃ እያጠጡ፣ አሸዋ እየነሰነሱ፣ ባለሙያ ቀጥረው የሚንከባከቡት ሣር ጉደር ላይ ማንም ሳይተክለው ከመንገድ ዳር፣ ከአጥር ሥር፣ ከከብት መሰማሪያው ላይ ይበቅላል። ስሙ ሰርዶ ነው።

ገበሬ ሰርዶን በማሳው ላይ አይወደውም። ከየአንጓው ሥር ስለሚያወጣ ማረሻ ሲቆራርጠው ይበዛል እንጂ አይጠፋም። ተለቅሞ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ካልሆነም ተቃጥሎ ነው ማሳው የሚጸዳው። በመስክ ላይ ግን ይኸው ጥፋቱ ጥቅም ይሆናል። ሽቅብ የሚያድግ ሣር ሲጋጥ ይደክማል። ሰርዶ መሬት ለመሬት ስለሚሳብ ጫፉ ቢበላም ግንዱ ከጥርስ በታች ይተርፋል። በጋጡትና በረገጡት ቁጥር እየተጠላለፈ ምንጣፍ ይሆናል።

ይህንን ጠባዩን ያወቁት ሌሎችም ናቸው። ሕንዶች ዱርቫ ብለው ጋኔሻ ለሚባለው አምላካቸው ያቀርቡታል። አሜሪካኖች ትውልዱ ቤርሙዳ ሳይሆን የቤርሙዳ ሣር ብለው ሰይመውታል። ጆርጂያ ውስጥ ቲፍተን በምትባል ከተማ ግሌን በርተን የሚባል የሣር ተመራማሪ ከደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር እያዳቀለ እ.ኤ.አ. በ1956 ቲፍግሪንን፣ በ1960 ቲፍዌይን አወጣ። ዛሬ በሞቃት አገሮች ካሉ የጎልፍ ሜዳዎች ብዙዎቹ በእነዚህና በልጆቻቸው የተሸፈኑ ናቸው። በእኛ ደጋ ሰርዶ ተብሎ የሚጠራ ሌላም ሣር አለ፤ ፈረንጆቹ በኬንያው ሕዝብ ስም የኪኩዩ ሣር ይሉታል። የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፣ ኢትዮጵያም ጭምር፣ አገሩ ነው። ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የሪቪዬራ ጎልፍ ሜዳ የታወቀው በዚሁ ሣር ነው። እንግዲህ ጉደር ላይ አህያ የሚግጠው ሣር ካሊፎርኒያ ላይ በቴሌቪዥን ካሜራ ይታያል ማለት ነው።

ልዩነቱ ያለው በወቅቱ ነው። ጆርጂያ ላይ ኦክቶበርና ኖቬምበር ሲመጣ ሰርዶ ብርዱን ፈርቶ ይተኛል፤ ቀለሙም ገለባ ይመስላል። ስለዚህ ክለቦቹ በላዩ ላይ የብርድ አገር ሣር ዘርተው ክረምቱን በብድር ልምላሜ ያሳልፋሉ። ቀዝቃዛ አገር ያሉት ደግሞ በዚሁ ወቅት ሌላ ሥራ ይበዛባቸዋል። በበጋ እግር ብዛት የተጠቀጠቀውን አፈር በቀጭን ቱቦ እየበሱ ያናፍሱታል፣ ቀዳዳውን በአሸዋ ይሞሉታል፣ ከሣሩ ሥር የተከማቸውን ደረቅ ገለባ ያበጥራሉ፣ የማጨጃውን ምላጭ ከፍ ያደርጋሉ፣ የረገፈ ቅጠል ይለቅማሉ። መጪው ዓመት ሜዳው ጥሩ የሚሆነው በዚህ ወቅት በተሠራው ልክ ነው ይላሉ።

የእኛ መፀው ሌላ ነው። (ብዙ ሰው መስከረምን ጸደይ ይለዋል፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ጸደይ የሚመጣው ከመጋቢት 26 በኋላ ነው። ትርጉም ሠሪዎች የፈረንጁን ወቅት እንዳለ እየገለበጡ ነው ያደነጋገሩን።) በመፀው ምድር አይሞትም፤ ክረምቱ ይወጣል፣ ወንዙ ይጎድላል፣ ሕዝቡ ለምለም ሣርና አበባ ይዞ ለኢሬቻ ወደ መልካ ይወርዳል። ምሥጋና የሚቀርበው ሣር ተይዞ ነው። ይህ ለከብት አርቢ ሕዝብ ጌጥ አይደለም። ዓመቱን የሚያሻግረው የዚያ ወቅት ሣር ነው።

የመስክ ጥበቃውም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። በአምቦና በጉደር ዙሪያ ረባዳው ቦታ በብዛት ዋልካ ነው፤ ጥቁሩ አፈር ክረምት ላይ እንደ ሊጥ ይላቁጣል። ከብት በዚያ ላይ ከገባ ሰኮናው ጉድጓድ ይተዋል፣ ሣሩ ይነቀላል፣ ሲደርቅም መስኩ ጓል በጓል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሚጠበቅ ሣር ይከለላል፤ ካሎ ይሉታል በኦሮምኛ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ በማጭድ ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል። ቀጥሎ ከብቱ ይገባል። ከብት ሣርን በምላሱ ጠቅልሎ ስለሚቆርጥ ረጅሙን ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ከኋላው የሚመጡት በግና ፈረስ ግን በጥርሳቸው እስከ መሬት ያሳጥሩታል። ኩበት የሚለቅሙ ሴቶችና ልጆች የቀረውን ያጸዳሉ። (ማዳበሪያውንም ይዘውበት ይሄዳሉ፤ ማገዶ በሌለበት አገር ግን ማን ይፈርድባቸዋል?) ኅዳር ላይ አፈሩ ሲደርቅ ዋልካው ራሱ ይሰነጠቃል፤ ፈረንጅ በመኪና የሚበሳውን ቀዳዳ ፀሐይ በነጻ ትሠራዋለች። ታኅሣሥ ሲያልቅ ጤፉ ታጭዷል፣ መስኩ አጥሯል፣ ደርቋል፣ ጸድቷል።

ታኅሣሥ 29 ገና ነው። የገና ጨዋታ በዚያ ቀን የሚደረገው በዓሉ ስለሆነ ብቻ አይመስልም፤ በዓመት ውስጥ ሜዳው ለሩጫና ለሩር የሚመቸው ያን ሰሞን ነው። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ፣ ከእንጨት ሥር የተጠረበች ወይም ከቆዳ የተሰፋች ሩር፣ ሁለት ጎራ። በኦሮምኛ ጨዋታው ቂሌ ይባላል። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ጌታ አይቆጣም ይባላል። በቀረው ዓመት ግን እኩልነት የለም። ከ1967 በፊት ባላገሩ ከሚጠየቀው የጉልበት ግብር አንዱ ለጌታው ፈረስና በቅሎ ሣር ማጨድ ነበር። የሚያጭደውና የሚጋልበው ሰው ለየቅል ነበሩ ማለት ነው።

ጎልፍም ቢሆን ሲወለድ የሀብታም ጨዋታ አልነበረም። ስኮትላንድ ውስጥ በባሕር ዳር ሊንክስ የሚባል አሸዋማ መሬት አለ፤ ለእርሻ አይሆንም፣ ስለዚህ የጋራ ግጦሽ ሆኖ ቀረ። ሣሩን በግና ጥንቸል ያሳጥሩታል። በሜዳው ላይ አሁን ለጨዋታው ማክበጃ የሚሠሩት የአሸዋ ጉድጓዶች እንኳ መነሻቸው በጎች ከነፋስ ሲሸሹ የተኙበት ሥርጓጉጥ ነው ይባላል። በዚያ አጭር ሣር ላይ ዓሣ አጥማጁም ጫማ ሰፊውም ዱላ ይዞ ኳስ ይመታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ ወጣቶቹ ቀስት መለማመድ ትተው በኳስና በጎልፍ እየዋሉ ነው ብሎ ሁለቱንም ከለከለ። ክልከላው አልሠራም።

በ1552 የሴንት አንድሩስ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሃሚልተን በከተማዋ ሊንክስ ላይ ጥንቸል ለማርባት ፈቃድ ፈለገ። ፈቃዱን የሰጠው የከተማው ሕዝብ ነው፤ ሲሰጥም በሜዳው ላይ ጎልፍ፣ ኳስና ሌላውንም ጨዋታ የመጫወት መብቱ እንደተጠበቀ መሆኑን በጽሑፍ አስፍሮ ነው። ያቺ ወረቀት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይታ ነው ዋጋዋ የታየው። እ.ኤ.አ. በ1797 ዕዳ ያጎበጠው የከተማው ምክር ቤት ሊንክሱን አሳልፎ ሸጠ። ሜዳው ጥንቸል ለሚያረቡ ነጋዴዎች ደረሰ። ጥንቸሉ መሬቱን ቦረቦረው፤ ሜዳው ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነ። ነዋሪው ጥንቸሉን እያደነ ገደለ፤ ነጋዴዎቹ ከሰሱ፤ ነገሩ ከስኮትላንድ ፍርድ ቤት ለንደን የጌቶች ምክር ቤት ድረስ ሄደ። ከ20 ዓመት በላይ ከተጨቃጨቁ በኋላ በ1821 ጄምስ ቺፕ የሚባል ባለርስት መሬቱን ገዝቶ ጥንቸሉን አስወጣ። በ1894 በፓርላማ አዋጅ ሊንክሱ ወደ ከተማው ተመለሰ። ዛሬ የሚያስተዳድረው በ1974 በሕግ የተቋቋመ የአደራ ድርጅት ነው።

የሣር ሙያ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ፀጉር የሚላጭ ማሽን አይቶ ሣር የሚያጭደውን ፈለሰፈ። ቶም ሞሪስ በ1860ዎቹ የሴንት አንድሩስ ሜዳ ጠባቂ ሆኖ ሲመጣ አሸዋ መነስነስን የሙያው መሠረት አደረገው። የእኛ እረኛ የማያውቀው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ከበግ እረኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ጎልፍ በጎቹን ረሳ፤ በብዙ አገር አጥር አጠረ፣ መግቢያ አስከፈለ፣ የቅኝ ገዢ መለያም ሆነ። ሴንት አንድሩስ ግን እሑድ እሑድ ዋናው ሜዳ ለጎልፍ ይዘጋል። የከተማው ሰው ውሻውን ይዞ፣ ልጁን አስከትሎ ይንሸራሸርበታል። ከኖቬምበር ጀምሮ ደግሞ የሚከፍለው እንግዳ ሣሩን እንዳይቦጭቅ ኳሱን በትንሽ ምንጣፍ ላይ አስቀምጦ እንዲመታ ይገደዳል። ሜዳው እንዲያርፍ የሚያስገድደው ሕግ እንጂ ማሽኑ አይደለም።

ጎልፍ አዲስ አበባ የገባው በአጥር ውስጥ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ መንግሥት በእንጦጦ ግርጌ የሰጡት ሰፊ ግቢ ውስጥ ባለ ዘጠኝ ቀዳዳ የጎልፍ ሜዳ አለ። ያ ግቢ በታሪክ አንድ ጊዜ ለብዙ ሰው ተከፍቷል። ሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ሲወጡና ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከተማዋ ስትዘረፍ የውጭ አገር ሰዎች በግቢው ሜዳ ድንኳን ተክለው ተጠልለውበታል። የሕዝቡ ሜዳ ግን ጃንሜዳ ነው። ፈረስ፣ ጥምቀት፣ ሩጫ፣ ሰልፍ፣ ሁሉም በዚያ ያልፋል። በ2012 በወረርሽኙ ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ሲዛወር ሜዳው ጭቃና የጎመን ግርድ ሆነ። ለ2013 ጥምቀት ሊደርስ የቻለው ታቦታቱ የሚያድሩበት የታወቀ ቀን ስለነበረውና ምእመኑ ሜዳችን ብሎ ስለጮኸ ነው። ቀን የተቆረጠለትና ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ያለው ሜዳ ይጸዳል።

ቀን መቁረጥን ከመንዝ ሰዎች በላይ የሚያውቅበት የለም። ጓሳ የሚባለው ከፍተኛ የሣር ምድር 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች በራሳቸው ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለሦስት ለአምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ በተወሰነ ቀን ይከፈታል፤ ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት ያጭዳል፤ ቀኑን የጣሰ ይቀጣል። የሥርዓቱ ስም ቄሮ ነው። (ቃሉ በምዕራብ ሸዋ ከሚታወቀው የወጣቶች ቄሮ ጋር መመሳሰሉ ግጥምጥሞሽ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ግን ስለ መሬት ናቸው።) የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የመንዙ ቄሮ ሥልጣኑን አጣ፤ ጓሳም ተጎዳ። በኋላ ሰዎቹ ሥርዓታቸውን በሌላ መልክ አድሰው ሜዳውን አትርፈዋል።

አዋጁ ለጭሰኛው ያደረገለትን መካድ ነውር ነው። ለጌታ ፈረስ ሣር ማጨድ የቀረው በእሱ ነው። ስለ መስክ ግን ጥሩ አላሰበም። መሬት የሕዝብ ነው ሲባል እርሻው በእጅ ያለው ገበሬ ታወቀ፤ የጋራ ግጦሹ ግን የቀበሌ ሆነ፣ የቀበሌ የሆነው ደግሞ የሊቀመንበሩ ፊርማ ሆነ። ልጆች አድገው መሬት ሲጠይቁ ከግጦሹ ተቆርሶ ተሰጣቸው። ይህንን ማንም ሊነቅፍ አይችልም፤ ወጣቱ የት ይሂድ? ከተማ ሲሰፋ ከግጦሹ ተወሰደ። ባለሀብት ሲመጣም የሚታየው ያው ሜዳ ነው። ቤት የለበት፣ እህል የለበት፣ ካሳ የሚጠይቅ የለበት፤ ባዶ መሬት ተብሎ በካርታ ላይ ይሰፍራል። በመፀው የሚያርፈው፣ በታኅሣሥ የሚሮጥበት መስክ ለካርታ አንሺው ባዶ ነው።

ከጉደር ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ አምቦን አልፎ ጊንጪ አለች። ኅዳር 2 ቀን 2008 የጊንጪ ተማሪዎች ወደ አደባባይ ወጡ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው የመጀመሪያው መነሻ ለኢንቨስትመንት ተብሎ ደንና የኳስ ሜዳ እንዲመነጠር መወሰኑ ነበር። ከዚያ በፊት በሚያዝያ 2006 አምቦ ላይ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም ደም ፈሷል፤ ስለዚህ ጭዱ ደርቆ ነበር። እሳቱን የለኮሰው ግን ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሣር ነው። ማስተር ፕላኑ ጥር 2008 ላይ ተሰረዘ። ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. ሰኔ 2016 ባወጣው ዘገባ እስከዚያ ድረስ ከ400 በላይ ሰው መገደሉን ጽፏል። የካቲት 8 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ያ ሁሉ በአንድ ሜዳ ምክንያት ሆነ ቢባል ሐሰት ይሆናል። ስሞታው ብዙ ነበር፤ ሥራ፣ ቋንቋ፣ እስር፣ ካሳ። ቢሆንም ሌላ ስሞታ በየቤቱ ሲብላላ ሜዳው ሁሉንም በአንድ ቀን ያስወጣው ለምን እንደሆነ ማሰብ ይገባል። ማሳ ሲወሰድ የሚያለቅሰው ባለማሳው ነው። ሜዳ ሲወሰድ ግን አገሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይነጠቃል፤ ያውም የሚገባው ካሳ ሳይኖር። ሴንት አንድሩሶች የነበራቸው፣ ጊንጪዎች ያልነበራቸው አንድ ነገር የ1552 ዓይነት ወረቀት ነው። ጥንቸል ከጨረሱ በኋላ ፍርድ ቤት ገብተው የሚያሳዩት ነገር ነበራቸው። የጊንጪ ተማሪ የነበረው እግሩና ድምፁ ነው።

ወረቀት ደግሞ ሩቅ አይደለም። ገጠር ላይ ለእያንዳንዱ ገበሬ የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የከረመ አገር ለጋራ መስክም በማኅበረሰቡ ስም መስጠት አያቅተውም። ደብተሩ ላይ ድንበሩ፣ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን፣ ከብት የማይገባበት ወራት፣ የገና ዕለት የማን እንደሆነ ቢጻፍ ሊቀመንበሩ ብቻውን የሚፈርምበት ነገር አይኖርም። ጉደር ላይ ያለው ካምፓስ ግብርናና የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ የመስክ አያያዝ የሚያውቁ ሰዎች ከደጅ አሉ። የእረኞቹን እውቀት ለመመዝገብ የሚያስፈልገው እስክሪብቶና ትዕግሥት ነው።

እስከዚያው ሰርዶ ሥራውን አያቆምም። ጉደር ከተማ ውስጥ አዲስ ቦታ ተመርቶ አጥር ሲታጠር ከአጥሩ ሥር ይወጣል፤ ድንጋይ ሲነጠፍ በድንጋዩ መካከል ይሳባል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ዱላ የቆረጡ ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ ሲያጡ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም ጤፉን ቀድሞ ከወቃ ሰው ገለባ ማሳ ላይ ይወርዳሉ። ባለማሳው በሬዎቹን ጠምዶ እስኪመጣ ድረስ ሩሯ ትመታለች።